ልጁ ወፈረ እንጂ አላደገም፦ በልጆች ላይ ስለሚወጣው የፒቱታሪ ዕጢ እብጠት፣ ስለ ዘረመሉና ስለ ሕክምናው

በየአጥቢያው ለሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት መዘምራን አዲስ ልብስ በሚሰፋበት ጊዜ ልብስ ሰፊው የእያንዳንዱን ልጅ ቁመትና ወገብ ለክቶ በደብተሩ ይጽፋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲለካ አብዛኞቹ ልጆች በቁመትም በወገብም ጨምረው ይገኛሉ። አልፎ አልፎ ግን ወገቡ በእጅጉ ሰፍቶ ቁመቱ በነበረበት የቀረ ልጅ ያጋጥማል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ባለፈው ዓመት ከእኩዮቹ ጋር በአንድ ሰልፍ ይቆም የነበረ ልጅ ዘንድሮ ከመምህሩ ትከሻ በላይ ሆኖ ይታያል። ስለ መጀመሪያው ልጅ «ምግብ ተስማማው» ይባላል፤ ስለ ሁለተኛው ደግሞ «የአያቱን ቁመት ወረሰ»። ብዙውን ጊዜ አባባሉ እውነት ነው። ጥቂት ጊዜ ግን ልጁ ታሟል፤ ሕመሙም በጊዜ ከታወቀ ሊታከም የሚችል ነው።

በዚህ እትም ስለ አንድ እምብዛም የማይታይ በሽታ ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት መጻፍን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። በጤና ጣቢያ ያለ ባለሙያ አንድን ልጅ የሚያየው ሲያስለው ወይም ሲያተኩሰው ብቻ ነው፤ ያውም ለጥቂት ደቂቃ። በአጥቢያው ያሉ ካህናት፣ መምህራንና የጉባኤ አባላት ግን ያንኑ ልጅ ከክርስትናው ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ያዩታል። ይህ በሽታ ራሱን የሚገልጠው ደግሞ በአንድ ቀን ምልክት ሳይሆን በዓመታት ውስጥ በሚታይ የዕድገት ለውጥ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ሊያስተውሉት ከሚችሉት ሰዎች መካከል እናንተ ትገኛላችሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛችን «ዕጢ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይሸከማል። አንደኛው በሰውነት ውስጥ በተፈጥሮ ያለውንና ሆርሞን የሚያመነጨውን ክፍል ሲሆን፣ ሁለተኛው በሽታ ሆኖ የሚበቅለውን ነገር ነው። በዚህ የተነሣ አንድ እናት ከሐኪም ቤት ስትመለስ «ልጅሽ ዕጢ አለበት» ተብላ እንደ ካንሰር ታለቅሳለች፤ ሐኪሙ የነገራት ግን ስለ ተፈጥሮው ዕጢ ሥራ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የተፈጥሮውን ክፍል «ዕጢ»፣ በእርሱ ላይ የሚወጣውን በሽታ «እብጠት» እያልን እንጠራለን።

የፒቱታሪ ዕጢ መጠኑ የሽምብራ ፍሬ ያህል፣ ክብደቱም ከግማሽ ግራም ብዙ ያልራቀ ነው። የሚገኘው ከአፍንጫ በስተጀርባ፣ ከአንጎል ሥር፣ የፈረስ ኮርቻ በሚመስል የአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ትንሽነቱ አያታልለን፤ ቁመት የሚጨምረውን የዕድገት ሆርሞን ያመነጫል፤ የታይሮይድ ዕጢን፣ ከኩላሊት በላይ ያሉትን የአድሬናል ዕጢዎችና የመራቢያ አካላትን ሥራ በሆርሞኖቹ ያዝዛል፤ በእናቶች ላይ ወተት እንዲፈጠር ያደርጋል፤ ከእርሱ ጋር የተያያዘው የኋለኛው ክፍልም በሰውነት ውስጥ ያለው ውኃ በሽንት እንዳያልቅ የሚጠብቀውን ሆርሞን ይለቅቃል። ከዕጢው በላይ ደግሞ ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡ ነርቮች የሚገናኙበት ስፍራ አለ።

በዚህ ዕጢ ላይ የሚወጣ እብጠት በልጆች ዘንድ እምብዛም አይታይም። ሲወጣም በአብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል አይሰራጭም። ጉዳቱ በሁለት መንገድ ነው። እብጠቱ ሲያድግ በዙሪያው ያለውን ይጫናል፤ ራስ ምታት ያመጣል፣ ዕይታን ከግራና ከቀኝ ዳር እያጠበበ ልጁ ከበር መቃን ጋር እንዲጋጭ ያደርጋል፣ የቀረውን ጤነኛ ዕጢ ሥራም ያዳክማል። ሁለተኛውና በልጆች ላይ ጎልቶ የሚታየው መንገድ እብጠቱ ራሱ አንድን ሆርሞን ያለ ልክ ማመንጨቱ ነው። የትኛው ሆርሞን እንደ በዛ የልጁ መልክ ይናገራል።

መግቢያው ላይ ያነሣነው ወገቡ ሰፍቶ ቁመቱ የቆመው ልጅ የኩሺንግ በሽታ ሊኖርበት ይችላል። ስያሜው የመጣው ከአሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ከሃርቪ ኩሺንግ ሲሆን፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1912 ስለዚህ ዕጢና ስለ ሕመሞቹ መጽሐፍ አሳትሟል። በዚህ በሽታ እብጠቱ፣ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሚሊሜትር ያልበለጠ ሆኖ ሳለ፣ የአድሬናል ዕጢዎችን ያለ ዕረፍት ስለሚያዝዝ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ይበዛል። ፊት እንደ ሙሉ ጨረቃ ይከብባል፤ በሆድና በጀርባ ላይ ስብ ይከማቻል፤ በሆድና በጭን ላይ ሰፋፊ የቆዳ ሰንበሮች ይወጣሉ፤ ብጉርና ፀጉር ይበዛል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ አጥንት ይሳሳል።

ከእነዚህ ሁሉ ምልክቶች አንድ ብቻ አስታውሱ ብንባል የምንመርጠው ይህን ነው፦ ብዙ በመብላት የወፈረ ልጅ በአብዛኛው ከእኩዮቹ እኩል ወይም ፈጠን ብሎ በቁመትም ያድጋል፤ በኮርቲሶል ብዛት የወፈረ ልጅ ግን እየወፈረ ቁመቱ ይቆማል። ይህን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ በግድግዳ ላይ የተሠመረ መለኪያና ቀኑ የተጻፈበት ደብተር ይበቃል። የልብስ ሰፊው ደብተርም ቢሆን።

የኩሺንግ በሽታ ያለባቸው ልጆች ብዙ ጊዜ እንደ ታመሙ አዋቂዎች አይፈዙም። አንዳንዶቹ እንዲያውም ከልክ በላይ ታታሪ ይሆናሉ፤ የቤት ሥራ ሳይጨርሱ አይተኙም፤ መምህራንም ያመሰግኗቸዋል። ወላጅ «ልጄ ጎበዝ ነው፣ ብቻ ወፍሯል» እያለ ዓመታት የሚያልፉት ስለዚህ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የታከሙ 11 ሕፃናትን የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከሕክምናው አንድ ዓመት በኋላ ተሸማቅቆ የነበረው የአንጎላቸው መጠን ተመልሶ ሳለ፣ የማሰብ ችሎታ መለኪያ ውጤታቸው ግን ከቀድሞው ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ስለዚህ ታክሞ የተመለሰ ልጅ በትምህርቱ ቢደክም «ሰነፈ» ተብሎ መቀጣት አይገባውም።

ሐኪም ወደ ዕጢው ከመሄዱ በፊት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ልጁ ስቴሮይድ ያለበት መድኃኒት ወስዷል ወይ? ለአስም፣ ለቆዳ ወይም ለሌላ ሕመም የታዘዘ፣ አንዳንዴም ያለ ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ተገዝቶ «ያወፍራል» ወይም «ቆዳ ያጠራል» ተብሎ የሚወሰድ ክኒንና ቅባት ይህንኑ መልክ ያመጣል። በየትም አገር ከዕጢ እብጠት ይልቅ የሚበዛው ምክንያት ይህ ነው። ወላጆች ይህን ሲያውቁ ደንግጠው መድኃኒቱን በአንድ ቀን ሊያቆሙ ይችላሉ፤ ይህ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው፤ ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ማቋረጥ ሕይወትን እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

ሌላው ዓይነት እብጠት ፕሮላክቲን የተባለውን፣ ወተት የሚፈጥረውን ሆርሞን ያበዛል። በአብዛኛው የሚታየው ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን በደረሱት ላይ ነው። ስለዚህኛው በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ጉዳቱ ከሰውነት ባሻገር ስምን ይነካል። አንዲት ልጃገረድ የወር አበባዋ ሳይመጣ ወይም መምጣቱን አቁሞ፣ ሳታገባና ሳታረግዝ ከጡቷ ወተት መሰል ፈሳሽ ቢወጣ በመንደር ምን እንደሚባል እናውቃለን። እናቷ ትደብቃታለች፤ ልጅቷም ራሷን ትጠላለች። ነገሩ ግን የሽምብራ ፍሬ በምታህል ዕጢ ላይ የበቀለ እብጠት ሊሆን ይችላል። ደግነቱ ይህ ዓይነቱ ከሁሉ ይልቅ በመድኃኒት የሚታከም ነው፤ ካበርጎሊን የተባለው ክኒን በሳምንት አንዴ ወይም ሁለት ጊዜ ሲወሰድ ሆርሞኑን ያወርዳል፣ እብጠቱንም ያኮማትራል፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልጋቸው ጥቂቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ጭንቀት በምስጢር የሚነገራቸው የንስሐ አባቶች ይህን ማወቃቸው ለአንዲት ልጅ ምን ያህል እንደሚጠቅም መናገር አያስፈልግም።

ሦስተኛው ዓይነት የዕድገት ሆርሞንን የሚያበዛው ነው። የአጥንት ጫፎች ገና ያልተዘጉበት ልጅ ከቤተሰቡም ከእኩዮቹም መጠን አልፎ ይረዝማል፤ እጅና እግሩ ይገዝፋል፤ ጫማው በየመንፈቁ ይጠበዋል፤ ራሱን ያመዋል፤ ያልበዋል። ሰው ያደንቀዋል፤ ልጁ ግን ከውስጥ ይደክማል። ሳይታከም ሲቀር ልብንና መገጣጠሚያን ይጎዳል፤ ዕድሜንም ያሳጥራል። የዚህን በሽታ የዘር መንገድ ለማስረዳት ከሰሜን አየርላንድ የተገኘው ታሪክ ይበቃል።

ቻርልስ በርን የተባለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1761 በዚያች አገር ገጠር ተወለደ። ቁመቱ 2 ሜትር ከ31 ሴንቲሜትር ደርሶ ነበር። ወደ ለንደን ሄዶ ለሕዝብ እየታየ ገንዘብ ያገኝ የነበረ ሲሆን፣ በ1783 ገና በ22 ዓመቱ ሞተ። ከመሞቱ በፊት ሐኪሞች አስከሬኑን እንደሚፈልጉት ስላወቀ በባሕር እንዲቀበር ወዳጆቹን ተማጽኖ ነበር። ስመ ጥሩው ቀዶ ሐኪም ጆን ሃንተር ግን ገንዘብ ከፍሎ አስከሬኑን ወሰደ፤ ዐፅሙም ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ በለንደን ሙዚየም ቆሞ ታየ። በ1909 ሃርቪ ኩሺንግ የራስ ቅሉ ተከፍቶ ሲመለከት ዕጢው የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ከመጠን በላይ ሰፍቶ አገኘው። በ2011 ደግሞ በለንደን ፕሮፌሰር ማርታ ኮርቦኒትስና ባልደረቦቿ ከጥርሱ ዘረመል አውጥተው መረመሩ፤ ኤአይፒ በተባለው ዘረመል ላይ ያገኙት ለውጥ በዚያው አካባቢ ዛሬ በሚኖሩ አራት ቤተሰቦች ውስጥ ካለው ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። በስሌታቸውም የእነዚህ ሁሉ የጋራ አያት 1,500 ዓመታት ገደማ ቀደም ብሎ የኖረ ነው።

ከዚህ በኋላ የተደረገው ለእኛ የበለጠ ትምህርት አለው። ተመራማሪዎቹ ወደዚያው ወረዳ ሄደው ፈቃደኛ የሆኑ ሰዎችን ምራቅ ሰበሰቡ፤ በአካባቢው ከ150 ሰዎች በአንዱ ገደማ ላይ ያንኑ ለውጥ አገኙ። ተሸካሚ ሆነው የተገኙት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ማስመርመር ቻሉ፤ እብጠቱም ገና ትንሽ ሳለ የተገኘባቸው ልጆች ቁመታቸው ሳያልፍ ሕክምና ጀመሩ። የበርን ዐፅም የነበረበት ሙዚየም ለእድሳት ተዘግቶ በ2023 ሲከፈት ዐፅሙ ለዕይታ አልቀረበም፤ ለምርምር ግን ተጠብቆ ይገኛል። በእኛ አስተያየት ሁለቱን ዘመናት የሚለየው የመሣሪያው ርቀት ብቻ አይደለም፤ በመጀመሪያው የሰውየው ቃል ተጥሷል፣ በሁለተኛው ግን ሕዝቡ ተጠይቆና ፈቅዶ ሰጥቷል።

አሁን ወደ ዘሩ ጉዳይ እንግባ፤ ብዙ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነውና። «የዘር በሽታ» ሲባል ሰው የሚረዳው መላው ቤተሰብ የተበከለ እንደሆነ ነው። ሳይንሱ የሚለው ሌላ ነው። በመጀመሪያ፣ በዚህ ዕጢ ላይ ከሚወጡት እብጠቶች አብዛኞቹ ከወላጅ አልተወረሱም፤ ስሕተቱ የተፈጠረው በዕጢው ውስጥ በአንዲት ሕዋስ ላይ ብቻ ነው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2015 ዩኤስፒ8 በተባለ ዘረመል ላይ የተገኘው ለውጥ ከኩሺንግ እብጠቶች ሲሶ ያህሉ ውስጥ ይታያል፤ ነገር ግን ያለው በእብጠቱ ውስጥ እንጂ በልጁ ደም ውስጥ አይደለም፤ ወደ ወንድምና ወደ እኅት የሚደርስበት መንገድ የለም። ሁለተኛ፣ ልጁ ይዞት ቢወለድም ከአባትና ከእናቱ ያልመጣ ለውጥ አለ። ጂፒአር101 የተባለው ዘረመል ያለበት የኤክስ ክሮሞሶም ክፍል ተደግሞ ሲገኝ ሕፃኑ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ያለ ልክ ማደግ ይጀምራል፤ ይህ በ2014 የታወቀ ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ሕፃናት ላይ ድጋሚው በእነርሱ የተጀመረ ነው።

በእውነት የሚወረሱትም አሉ። በበርን ላይ የተገኘው የኤአይፒ ለውጥ፣ በ1997 የተገኘውና ከፒቱታሪ ሌላ በአንገትና በጣፊያ አጠገብ ያሉ ዕጢዎችን የሚያጠቃው የመን1 ዘረመል፣ እንዲሁም በቆዳ ላይ ጠቃጠቆ በልብም ውስጥ እብጠት የሚያመጣው የካርኒ ሕመም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በእነዚህ ሁሉ ለውጡን የተሸከመ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ነገር ግን ተሸካሚ ሁሉ አይታመምም፤ ከኤአይፒ ተሸካሚዎች እብጠት የሚወጣባቸው ከአምስቱ አንዱ ያህል ናቸው። ሕመሙ አያትን ይዞ አባትን ዘልሎ በልጅ ልጅ ላይ የሚገለጠው ለዚህ ነው። ከልክ በላይ በረዘሙ 208 ሰዎች ላይ በተደረገ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ የዘረመል ምርመራ ከተደረገላቸው መካከል 29 በመቶ የኤአይፒ፣ 10 በመቶ የኤክስ ክሮሞሶም ድጋሚ ተገኝቶባቸዋል፤ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ግን የታወቀ የዘር ምክንያት አልታየም።

በአገራችን ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት መቁጠር የቆየ ሥርዓት ነው። ይህ ቆጠራ እንዲህ ካሉት በሽታዎች አይከላከልም፤ ምክንያቱም ለውጡ ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢመጣ ይበቃዋል፣ ሁለቱ መዛመድ አያስፈልጋቸውም። ነገር ግን ሽማግሌዎቻችን በቃላቸው የያዙት የትውልድ ቆጠራ አንድ የዘረመል ሐኪም ከታካሚ ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ነገር ነው፤ ማን ከማን ተወለደ፣ ማን ያለ ልክ ረዘመ፣ ማን በወጣትነቱ ዓይኑ ጠፋ፣ ማን በድንገት ሞተ። በብዙ አገር ሰው ከአያቱ በላይ አያውቅም። እኛ ዘንድ ያለው ይህ ዕውቀት ለሐሜት ከሚውል ለሕክምና ቢውል ይሻላል።

በልጆች ላይ ስለሚወጣው እብጠት ለረጅም ጊዜ ምርምር ከተደረገባቸው ስፍራዎች አንዱ ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ በሜሪላንድ ግዛት ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ሆስፒታል ነው። የሚገኝባት ከተማ ቤተዝዳ ስሟን የወሰደችው በስፍራው ከነበረ ቤተ ጸሎት ሲሆን፣ የቤተ ጸሎቱም ስም የተወሰደው በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ከተጻፈችው መጠመቂያ ነው፤ አንባብያን ካህናት ይህን ሲሰሙ ፈገግ እንደሚሉ እንገምታለን። ከዓለም ዙሪያ ሕፃናት ወደዚያ ይመጣሉ፤ በጥናቱ የሚታቀፍ ታካሚ ለሕክምናው አይከፍልም። በዚያ የሚደረገው ሥራ በሁለት የተከፈለ ነው። በአንድ በኩል ልጁ ይታከማል፤ በሌላ በኩል ደሙና ከተቆረጠው እብጠት ላይ የተወሰደው ናሙና ይጠናል፤ የወላጆቹና የእኅት ወንድሞቹ ደምም ለማነጻጸሪያ ይጠየቃል። ወላጅ በጽሑፍ ይፈቅዳል፤ መረዳት የሚችል ዕድሜ ላይ የደረሰው ልጅም በአቅሙ ተነግሮት ይስማማል፤ በፈለጉ ጊዜ ከጥናቱ መውጣት ይችላሉ። የካርኒ ሕመም ምክንያትና የኤክስ ክሮሞሶሙ ድጋሚ የታወቁት የእነዚህ ተመራማሪዎች ሥራ በተካተተበት ጥናት ነው።

ሐኪሞቹ የኩሺንግ በሽታን የሚያረጋግጡበት መንገድ ትዕግሥት ይጠይቃል። ኮርቲሶል በጤነኛ ሰው ጧት ከፍ ብሎ እኩለ ሌሊት ዝቅ ስለሚል የሌሊቱ መጠን በምራቅ ወይም በደም ይለካል፤ የ24 ሰዓት ሽንት ይሰበሰባል። ቀጥሎ የኤምአርአይ ምስል ይነሣል። እብጠቱ ከማነሱ የተነሣ በብዙ ልጆች ምስሉ ላይ አይታይም፤ በዚህ ጊዜ ከጭን የደም ሥር ቀጭን ቱቦ እስከ ራስ ቅል ሥር ተልኮ ከዕጢው ግራና ቀኝ የሚመጣው ደም ይመረመራል። «በኤምአርአይ ምንም አልታየም» ማለት ልጁ ጤነኛ ነው ማለት እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

የኩሺንግና የዕድገት ሆርሞን እብጠት ዋነኛ ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነው። ቀዶ ሐኪሙ የራስ ቅልን ሳይከፍት በአፍንጫ በኩል ገብቶ እብጠቱን ያወጣል። በዚያው ሆስፒታል በዚህ መንገድ የታከሙ 200 የኩሺንግ በሽታ ያለባቸው ልጆች ውጤት በ2013 ሲታተም በ98 በመቶዎቹ ላይ በሽታው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጠፍቶ ነበር። ይህ ብዙ ልምድ ባካበቱ እጆች የተገኘ ውጤት ነው፤ በየትኛውም ስፍራ ይህን ያህል እንደሚገኝ ለቤተሰብ ተስፋ መስጠት አይገባም። የዕድገት ሆርሞኑ በቀዶ ሕክምና ካልወረደ ኦክትሪዮታይድን የመሰለ መርፌ፣ አንዳንዴም የጨረር ሕክምና ይታከላል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው ጊዜ ነው የአጥቢያውን ጥንቃቄ ይበልጥ የሚሻው። እብጠቱ ወጥቶ ልጁ ወደ ቤቱ ሲመለስ ጤነኛው ዕጢ ለረጅም ጊዜ ሥራ ፈትቶ ስለነበር ወዲያውኑ አይነቃም። ስድስት ወር፣ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ልጁ የሚኖረው በየቀኑ በሚውጠው የሃይድሮኮርቲሶን ክኒን ነው። ትኩሳት ቢይዘው ወይም አጥንቱ ቢሰበር መጠኑ ሐኪሙ እንዳዘዘው ይጨመርለታል፤ ቢያስመልሰውና ክኒኑ ሆዱ ውስጥ ካልቆየ በፍጥነት በመርፌ ሊሰጠው ይገባል። ክኒኑ በድንገት ቢቋረጥ ልጁ ይዝላል፣ ያስመልሰዋል፣ ይፈዛል፣ ሳይውል ሳያድርም ሊሞት ይችላል።

ወላጆች ታክሞ የመጣ ልጃቸውን ወደ ጸበል መውሰዳቸው የሚጠበቅ ነው፤ መልካምም ነው። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር እንደማይጋጭ አባቶች ባስተማሩበት ዘመን ብዙ ነፍስ መትረፉን እናስታውሳለን። የዚህ ልጅ ክኒን ደግሞ ለሁለት ቀን እንኳ የሚታገሥ አይደለም። በጸበል ስፍራ የምታገለግሉ አባቶች ልጁ ክኒኑን ይዞ መምጣቱን፣ በሰዓቱም መዋጡን እንድትጠይቁ አደራ እንላለን። አንዳንድ ልጆች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ውኃን የሚጠብቀው ሆርሞን ስለሚጎድላቸው እጅግ ይጠማቸዋል፣ ሽንታቸውም ይበዛል፤ እነዚህን በጾም ሰዓትም ቢሆን ውኃ መከልከል አደገኛ ነው። ከቅዱስ ቁርባን በፊት ስለሚዋጠው የጧት ክኒን ለሚነሣው ጥያቄ የንስሐ አባት ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ሰዓቱን አስቀድሞ ቢያመቻች ቤተሰቡ በራሱ ፍርድ መድኃኒት ከማስተው ይድናል።

በአገራችን የሕፃናት የሆርሞን ሐኪሞች ጥቂት ናቸው፤ ያሉትም በትልልቅ ሆስፒታሎች ነው። መንገዱ ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ሪፈራል ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ይደርሳል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ ይህን የሪፈር ቅደም ተከተል ቢዘልለው ወጪው በራሱ ላይ እንደሚወድቅ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ሰበካ ጉባኤው ሊረዳ የሚችልበት ብዙ ስፍራ አለ፤ የመጓጓዣና የማደሪያ ወጪ፣ በከተማው የሚቀበል ዘመድ የሌለውን ማስጠጋት፣ ለወራት የሚቀጥለውን ክኒን ሳይቋረጥ መግዛት። ከእነዚህ ሦስቱ የመጨረሻው ነው በብዛት የሚረሳው፤ እርዳታ ለቀዶ ሕክምና ይሰበሰባል፣ ከዚያ በኋላ ላለው ክኒን ግን የሚያስብ የለም። እርዳታ ሲጠየቅም የልጁን ሕመም በዐውደ ምሕረት መዘርዘር አያስፈልግም፤ በተለይ የልጃገረዶችን። «ለታመመ ልጅ» ማለት ይበቃል።

ወደ ሐኪም የሚሄድ ቤተሰብ ይዞት የሚሄደው ነገር ቀላል ነው። ያለፉት ዓመታት የቁመትና የክብደት ልኬት ከነቀኑ፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት የተነሣ ፎቶግራፍ፣ ልጁ የወሰዳቸው ክኒኖችና ቅባቶች ከነማሸጊያቸው፣ እንዲሁም እስከሚታወቀው ትውልድ ድረስ የተጻፈ የዘር ሐረግ። ከቀዶ ሕክምና የተመለሰ ልጅ ደግሞ በኪሱ ወይም በአንገቱ አንድ ካርድ ይያዝ። በካርዱ ላይ የሕመሙ ስም፣ የክኒኑ ስምና መጠን፣ የሐኪሙ ስልክ፣ ከሥሩም በጉልህ «ካስመለሰው ወይም ከፈዘዘ ሃይድሮኮርቲሶን በመርፌ አሁኑኑ» ተብሎ ይጻፍ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ መምህርም ቅጂውን ይያዝ።